ሦስት ፎቶ ለአንድ ፊት

ብሬብሩክ ቤታችን እናቴ መስኮት አጠገብ ቡና ስታፈላ ፎቶ አነሣኋት። ነጠላዋ አማረ፣ ፊቷ ግን ጨለመ። ብርሃን ብጨምር ፊቷ ወጣ፤ የነጠላዋ ጥለት ጠፋ።

መላው ይኸውላችሁ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ አንድ ጨለም፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ደመቅ ያለ ፎቶ አንሡ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ላይ የተመሠረተው «ኤንፊውዝ» የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መጻፊያ ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀጥሎም የሦስቱን ፎቶዎች ስም ጽፋችሁ «ኢንተር» በሉት። ከየፎቶው ብርሃኑ የተስተካከለውን እየመረጠ ያዋህዳል። ሰው ከተንቀሳቀሰ ግን እጁ ሁለት ሆኖ ይታያል።

«እማዬ፣ እንዳትነቃነቂ!» ብላት «ቡናው ይገነፍላል!» አለችኝ። ቢሆንም ጎንደር ያሉት እህቶቿ ፊቷንም ጥለቱንም አዩ።