የወይዘሮዋ ባዝራዎች

ፈረስ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ማርባት ሌላ። እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ አን ብለንት ከልጅነታቸው ፈረስ ወዳጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1878 ከሶሪያ በረሃ የተገዙ የዐረብ ፈረሶችን አገራቸው አስመጥተው፣ ከባለቤታቸው ጋር በክራቤት እርባታ ጀመሩ። ቆይተውም ካይሮ አጠገብ፣ ሸይኽ ዑበይድ በተባለው የአትክልት ሥፍራ ሌላ አቋቋሙ።

እኛን የገረመን ዐረብኛ ተምረው የየፈረሱን የእናት ዘር ከበደዊኖቹ አፍ እየጠየቁ መመዝገባቸው ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ያህል ታረግዛለች፤ ጥሩ ዘር በጥድፊያ አይገኝም። ትዳር ግን እንደ ዘር መዝገብ አይጠበቅ ኖሮ፣ በ1906 ባልና ሚስት ሲለያዩ ፈረሶቹም ለሁለት ተከፈሉ። ወይዘሮዋ በ1917 ካይሮ ላይ ሲሞቱ አባትና ልጅ በፈረሶቹ ተካሰሱ። በ1920 ፍርድ ቤቱ ለልጅ ልጆቻቸው ፈረደ።