ፍጥነትን ሳይለኩ መመኘት

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ሸማ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዘርግቶ፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ፤ ድርና ማጉን ሳያይ ገንዘቡን አይከፍልም። እኛ ተማሪዎች ግን እዚያው ሰፈር በተከራየናት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ የሊኑክስን ከርነል ስንሠራ፤ ኮምፓይለሩን በ«ኦ3» አዘዝንና በማግሥቱ «ፈጠነ!» እያልን አወራን። «ለክታችኋል ወይ?» ስንባል መልስ አልነበረንም። ስሕተቱ የእኛ ብቻ ስላልመሰለን በግልጽ እንጽፈዋለን።

«ኦ3» ኮምፓይለሩ ትንንሽ ፋንክሽኖችን በየተጠሩበት ቦታ እንዲገለብጥ፤ ሉፖችንም እንዲዘረጋ አብዝቶ ይገፋፋዋል። በዚህም ኮዱ ይሰፋል፤ የሰፋውም ኮድ ከፕሮሰሰሩ ጠባብ ካሽ ተርፎ ወደ ዋናው ሜሞሪ ያመላልሳል። ከርነል ደግሞ እንደ ሒሳብ ፕሮግራም በአንድ ሉፕ ላይ አይውልም፤ ከሥራ ወደ ሥራ ይዘላል። ስለዚህ ሊኑክስ በተለምዶ የሚሠራው በ«ኦ2» ነው፤ መጠን መቀነስ ለሚሻም «ኦኤስ» አለለት። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኦ3»ን ለሁሉም ለመክፈት ሐሳብ ሲቀርብ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ ከዚያ በፊት የባሰ ኮድ ሲያወጣ መታየቱን አስታውሶ ተቃወመ።

ጉዳዩ የፍጥነት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 «ቱን» በተባለው የኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ፤ አንድ ፖይንተር ባዶ መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው ከተጠቀሙበት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ጂሲሲም «ከተጠቀሙበትማ ባዶ ሊሆን አይችልም» በሚል ስሌት ፈተናውን ሰረዘው፤ በዚያ ቀዳዳ የከርነሉን ሥልጣን መያዝ ተቻለ። ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነበረ፤ ምንጩን ብቻ ያነበበ ግን ፈተናውን በቦታው ያየዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለ ስረዛ የሚከለክል ትእዛዝ በከርነሉ አሠራር ውስጥ ገብቷል።

ማሻሻያው ጨርሶ ይቅር አንልም፤ ያለ እርሱ ሊኑክስ በደንብ አይገነባም። የምንለው ይህ ነው። ጓደኞቻችን በየሪፖርታችሁ የኮምፓይለሩን ስምና ትእዛዝ ጻፉ፤ በአንድ ማሽን ላይ አንድን ሥራ ደጋግማችሁ ለኩ፤ የወጣውንም አሴምብሊ ክፈቱ። መምህሮቻችንም ለፍጥነት ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ልኬቱን ጠይቁን።

እንግዲህ «ፈጠነ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፤ «ስንት ጊዜ ለካኸው?» በሉት። እኛንም ጭምር።