የምንሸሽገው ልጅና የምንለቀው ልጅ

እናንተ የላስታ አያቶች፣ ስሙኝ። አራስ ቤት ውስጥ «አታውጡት» የሚለው ቃል የሚወጣው ከእኛ አፍ ነው። ቡዳ ያየዋል፣ ምች ይመታዋል፣ ብርድ ይገባበታል እያልን ሕፃኑን በነጠላ ላይ ነጠላ ደርበን፣ መስኮቱ በጠበበ የድንጋይ ቤት እናከርመዋለን። ክርስትና እስኪነሣ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን ዳዴ እስኪል እንሸሽገዋለን። ምራቶቻችን በልባቸው ባያምኑበትም እኛን አክብረው ዝም ይላሉ።

እንዲህ የምንሸሽገው ልጅ ግን ፀሐይ ያጣል። ቫይታሚን ዲ የሚባለውን አጥንት አጽኚ ቆዳ ራሱ ይሠራዋል፤ የሚሠራው ግን የፀሐይ ጨረር ሲነካው ነው። ከእናት ጡት የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨረሩም የመስኮት መስታወት አያልፍም። የእኛ ጥቁር ቆዳ ጨረሩን ስለሚመክት ከነጭ ቆዳ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ቫይታሚኑን ያጣ ልጅ እግሩ ይቆለመማል፣ የደረቱ አጥንት ይለሰልሳል፣ ሳል ሲይዘው መተንፈስ ያቅተዋል።

ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ያጠኑት፣ በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለት ይኸው የአጥንት መለስለስ፣ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ በማይታጣበት አገር! ስንቱን ልጅ «ዓይን በላው» ብለን ቀብረን ይሆን?

ከተማ ያሉ ልጆቻችን ፀሐይ ካንሰር ታመጣለች ይላሉ። እውነት ነው፣ የደጋ ፀሐይም ትበረታለች፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ጥቁር ቆዳ ያለውን ሕፃን ዓይኑን ከልሎ ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ለካንሰር አይዳርገውም።

ካንሰሩ የሚያሰጋው ሌላ ልጅ ነው። ቆዳውና ፀጉሩ ነጥቶ የተወለደው፣ ሐኪሞች አልቢኒዝም አለበት የሚሉት ልጅ፣ ጨረሩን የሚመክትለት ቀለም የለውም። እርሱን ግን ራሱን ሳንሸፍን ከበጎች ጋር ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ እንለቀዋለን! ከንፈሩ፣ ጆሮው፣ አንገቱ ይላጣል፣ ይቆስላል፤ የማይሽረው ቁስል ካንሰር ሆኖ በወጣትነቱ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው የረዘመ ልብስ ግዙለት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከጥላ አይውጣ፤ እረኝነቱን ለሌላ ስጡና እርሱ ትምህርት ቤት ይዋል፣ ዓይኑ አርቆ ስለማያይ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ወር ያለፈው ቁስል ካያችሁበት ጠበሉም ይቀጥል፣ በዚያው ሳምንት ግን ሐኪም ይየው፤ በጊዜ ከተቆረጠ ይድናል።