«ደረሰ ወይ?» ማለት ነውር አይደለም

በየቤታችን አንድ ያልደረሰ ዕቃ አለ። ልጅ ከውጭ የላከው ጫማ ይሆናል፤ እህት ከአረብ አገር የሰደደችው ብርድ ልብስ ይሆናል፤ የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ የታጨቀበት ፖስታ ይሆናል። «ልኬ ነበር» ይባላል። «አልመጣም» ይባላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ተድበስብሶ ስለሚቀረው ነገር ነው። ዕቃ ቢጠፋ ይተካል፤ አብሮት የሚጠፋውን ግን መተካት ያስቸግራል።

ከእኛ ቤት ሦስት በር ወረድ ብሎ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር አሉ። መንደሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ካናዳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ ለገና በዓል ብሎ ካፖርት፣ የንባብ መነጽርና ትንሿ የልጅ ልጃቸው በእጇ የሣለችውን ሥዕል በካርቶን አድርጎ ላከላቸው። አድራሻ ብሎ የጻፈው ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀውን የአባቱን ትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ጋሼ ግን ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። «ዕቃ መጥቷልና ውሰዱ» የሚለው ቁራጭ ወረቀት ትምህርት ቤቱ ደረሰ። አዲሷ ጸሐፊ ስሙን አታውቀውም፤ ወረቀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው፤ እዚያው ከረመ። ካርቶኑ ባለቤት ሲያጣ ወደ መጣበት ተመለሰ። ልጁም በዚያ መካከል ቤት ቀይሮ ስለነበር የተመለሰውም ሳያገኘው ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የፖስታ ጣጣ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የራሳችን ነው። ጋሼ ልጃቸው ዕቃ መላኩን ከእህታቸው ሰምተዋል። ጠበቁ፤ አልመጣም። «የላክኸው የታለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ልመና መስሎ ታያቸው። ልጁም በበኩሉ የአባቱን ቃል ሲጠብቅ ከረመና «ካፖርቱን ባይወዱት ነው» ብሎ ደመደመ። እሱም አልጠየቀም፤ አመስግኑኝ ማለት ሆነበት። በየሳምንቱ ይደወል የነበረው ስልክ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያም በየበዓሉ። አንድ ዓመት አለፈ። ነገሩን የፈታችው ሕፃኗ ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ሲያወሩ ድንገት «አያቴ፣ ሥዕሌን የት ሰቀልከው?» አለቻቸው። ውጭ የተወለደች ናትና አንቱታም ይሉኝታም አታውቅም።

ጋሼ ይህን ቡና ላይ ሲያጫውቱን ድምፃቸው ተቀየረ። «ካፖርቱስ ይቅር» አሉ። «አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እሱን ታዘብኩ፣ እሱ እኔን ታዘበ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ የሚባክን ዓመት ከየት አመጣለሁ?»

ይሉኝታ መልካም ባሕላችን ነው፤ ብዙ ክፉ ነገር ይከለክላል። እዚህ ጋ ግን ቦታው አይደለም። «ደረሰ ወይ?» የሚል ላኪ ምስጋና አልለመነም። «አልደረሰኝም» የሚል ተቀባይም ላክልኝ አላለም። ሁለቱም የጠየቁት ስለ መንገዱ ነው። መንገዱ ደግሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው መንገድ ነው።

የፖስታ አገልግሎት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ለአብዛኞቻችን ፖስታ የሚመጣው ወደ በራችን ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የወዳጁን ሣጥን ይዋሳል። ሣጥን የተዋሰ ሰው ዕቃው በሰው እጅ ነው። ሥራ ይለወጣል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ወዳጅም ከሰፈር ይለቃል። ቁጥሩ ግን በልጆቻችን ደብተር ላይ እንደተጻፈ ይኖራል።

ሁለተኛው ጣጣ ስማችን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ውጭ ያለው ልጅ «የመጨረሻ ስም» ሲባል የአባቱን ወይም የአያቱን ያስመዘግባል። ለእናቱ ዕቃ ሲልክም ያንኑ ስም ይለጥፍባቸዋል። በእኛ አገር ግን ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ የእናት መታወቂያ ላይ ያለው የገዛ አባታቸው ስም ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ መታወቂያውንና ካርቶኑን አስተያይቶ «ይህ የእርስዎ አይደለም» ቢል ምን ይፈረድበታል?

በዚያ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ለአምስት ሰው ስጡና በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ በሉ፤ የሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ እናቱን የሚያውቀው በቤት ስማቸው ነው። ሰፈር የሚጠራቸው ሌላ፣ መታወቂያው የሚለው ሌላ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፋይዳ ካርድ ላይ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። ፎቶ አንሥታችሁ ላኪው ለሆነው ልጅ ላኩለት፤ ፊደል በፊደል ያንኑ ይገልብጥ። ከሥሩም የስልክ ቁጥራችሁን ይጻፍ። በእኛ ከተማ ከቤት ቁጥር ይልቅ ስልክ ቁጥር ሰውን ያገኛል።

እዚሁ ከተማ ውስጥ በሞተር የሚመላለሰው ዕቃም ከዚህ አላመለጠም። ልጆቻችን በቴሌግራም ያዝዛሉ፤ ሞተረኛው ይመጣል። አድራሻችን «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ነው። በእኛ መንደር ግማሹ በር አረንጓዴ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሞተረኛ የሌላ ቤት ዕቃ ለዘበኛችን ሰጥቶ ሄደ። የልጅ ልጄ «የእኛ ነው፣ እንክፈተው» ብሎ አስጨነቀን። ላዩ ላይ የተጻፈውን ስልክ አብረን ደወልን። የሕፃን ወተት ኖሯል፤ እናትየው ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል እየሮጠች መጣች። የልጅ ልጄ ፊቷን ሲያይ ለምን እንዳልከፈትነው ያለ ስብከት ገባው። የሰው ዕቃ እጃችሁ ሲገባ ሳትከፍቱ ደውሉ፤ ስትደውሉም ልጆቹ ይዩ። ለራሳችሁ ስታዝዙ ደግሞ ከበሩ ቀለም በተጨማሪ የቤቱን ሎኬሽን በስልክ ላኩ፤ ዕቃው ለዘበኛ ወይም ለሱቅ እንዳይተው አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ብዙዎቻችን ግን የምንተማመነው በሰው በመላክ ነው። መንገደኛ ሲገኝ ሁሉም «ሁለት ኪሎ ብቻ» ይላል። መንገደኛው የራሱን ሻንጣ ቀንሶ የሰው ዕቃ ይሸከማል፤ ሲደርስም የራሱ ቤተሰብ፣ የራሱ ለቅሶና ሠርግ ይጠብቀዋል። ዕቃችሁን አክስቱ ቤት አስቀምጦ ቢረሳው ውለታ የሠራን ሰው ማስጨነቅ ይከብዳል። ስለዚህ እስኪያመጣላችሁ አትጠብቁ። በመጣ በሳምንቱ ውስጥ ራሳችሁ ሄዳችሁ ወይም ሰው ልካችሁ ተቀበሉት። ላኪውም የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ከውስጥ ያስቀምጥ፤ ሳይታሸግ በፊትም ፎቶ አንሥቶ ለእናንተ ይላክ። ዝርዝር ካለ «ሽቶው የት ሄደ?» የሚባል ሐሜት አይኖርም። በአንድ ሽቶ ምክንያት የተኳረፉ ዘመዳሞች አውቃለሁ።

በፖስታ ከተላከ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ያዙ። ክትትል ያለው ዓለም አቀፍ የፖስታ ዕቃ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር፣ ዘጠኝ አኃዝ የሚከተልበትና በሁለት ፊደላት የሚያበቃ ቁጥር አለው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፊደላት ዕቃው የተነሣበትን አገር ይነግራሉ። ልጃችሁ የላከበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ያንኑ ዕለት ይላክላችሁ። ይህን ቁጥር ይዞ መስኮት ላይ የቆመ ሰውና «ከካናዳ የመጣ ካርቶን» የሚል ሰው መልሳቸው አንድ አይደለም። ለጉምሩክ የሚሞላው ዝርዝርም እውነተኛ ይሁን። «ልብስ» ተብሎ ተሞልቶ ስልክ ከተገኘበት ዕቃው ባይጠፋም ይታሰራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቁጥር ያለው ዕቃ ሳይደርስ ሲቀር አቤት የሚባልበት ጊዜ ገደብ አለው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ሥርዓት ጥያቄው መቅረብ ያለበት ዕቃው ከተላከበት ቀን ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ጥያቄውን በአብዛኛው የሚያቀርበውም ላኪው ነው፤ ከላከበት አገር ፖስታ ቤት ተነሥቶ። እናንተ እዚህ ሆናችሁ ዝም ካላችሁ እሱ እዚያ ሆኖ መጥፋቱን በምን ያውቃል? ጋሼና ልጃቸው እየተዛዘቡ በቆዩበት ዓመት ይህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ያልቃል። እንግዲህ ይሉኝታችን የሚያስከፍለን በሆድ ብቻ አይደለም፤ በመብትም ነው።

መድኃኒትን በሚመለከት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን ከውጭ በሚመጣ ሻንጣ ላይ የጣሉ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። መንገደኛው በረራ ሲያራዝም እሳቸው መድኃኒት ያቋርጣሉ፤ «ልጄን እንዳላስጨንቅ» ብለውም አይናገሩም። ይህ ካፖርት አይደለም። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩና እዚህ የሚገኘውን ተመጣጣኝ መድኃኒት አስመርጡ። የግድ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ወር መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ መጠባበቂያው ሲነካ ያን ዕለት ለልጃችሁ ተናገሩ። ልጆችም ብትሆኑ «መድኃኒቱ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አለ» ይሏችኋል። «ስንት ፍሬ ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድና የመሳሰለውንም ዋናውን ከመስደዳችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ፣ ፎቶም አንሡ። የጠፋ ዋና ማስረጃን ለማስተካት ስንት ቢሮ እንደሚዞር የዞረ ያውቀዋል።

በአማርኛችን «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ገንዘብ ስንከፍል የሚሰጠን ወረቀት ነው። ሌላው «እጄ ገባ» ማለታችን ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያውን ይላኩልን፤ እኛም ሁለተኛውን እንላክላቸው። ረጅም ምርቃት ባይመቸን እንኳ በድምፅ መልእክት «ደረሰኝ» ማለት ይበቃል። ካልደረሰም «አልደረሰኝም» እንበል፤ በሳምንቱ እንጂ በዓመቱ አይሁን።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲደውል ታዲያ ከጤናውና ከሥራው በኋላ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «የእኔ አድራሻ ብለህ የያዝኸው የቱን ነው?» ያነብላችሁ። ምናልባት ከለቀቃችሁት ቤት፣ ከወጣችሁበት መሥሪያ ቤት፣ ከተቋረጠ ስልክ ጋር ትገናኙ ይሆናል። ያን ጊዜ እስክሪብቶ እንዲያነሣ ንገሩት።