የራስ ምታቱ የእርግዝናው አልነበረም

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ብርዱን የሚችለው የበላ ሰው ነው ለማለት ነው። ዘንድሮ ግን በእኛ ቤት ጥቅምት ካለፈም በኋላ ብርዱ አጥንት ብቻ የሚመልሰው አልሆነም። የመጀመሪያ ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በኅዳር መጀመሪያ ከድሬዳዋ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ብዬ ያስመጣኋት እኔው ነኝ። እዚያ ሙቀቱ አንሶላ እንኳ የሚያስጥላት ልጅ፣ እንጦጦ ሥር ካለው ቤታችን ስትገባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር።

እኔም እናቴ ለእኔ ታደርግ የነበረውን አደረግሁ። ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ የተረፈውን ፍም አራግቤ፣ ጢሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቼ፣ ማንደጃውን መኝታ ክፍሏ አስገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። በበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ያረጀ ነጠላ ወሸቅሁበት። ታናሽ እህቷም አብራት ተኛች። ክፍሉ ሞቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት «እማዬ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፤ ያቅለሸልሸኛል» አለችኝ።

«እርግዝና ነው፣ ልጄ። እኔም አንቺን ሳረግዝ እንዲሁ ነበርኩ» አልኳት።

ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ስትል ለቀቃት። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ታናሽዋም ራሴን ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ለአንዷ እርግዝና፣ ለሌላዋ ጉንፋን የሚል ስም ሰጥቼ አረፍኩ።

በዚያው ሳምንት ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ ደህና ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እናቴ፣ እቤት ውስጥ ሌላ ራሱን የሚያመው ሰው አለ?» አለችኝ። ትንሿም አሟታል አልኩ። «ማታ ከሰል ታስገባላችሁ?» ስትለኝ አንደበቴ ተሳሰረ።

ያስረዳችኝን ላካፍላችሁ፤ አብዛኞቻችን የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነውና። እኛ የምንፈራው ጢሱን ነው። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ጢሱ ካለቀ፣ ቀይ ከሆነው ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ደግሞ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ደጅ ወጥታ ተሻለኝ ብትልም ልጁ ገና አልተሻለው ይሆናል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። እኛ ሴቶች ይህን ሁሉ ለእርግዝና እንሰጠዋለን። ለይተን የምናውቀው እንዲህ ነው፦ ከቤት ሲወጡ ይሻላል፣ ሲመለሱ ይብሳል፤ ያላረገዘውንም ያመዋል። እንዲህ ከሆነ በርና መስኮት ከፍቶ ሰውን ሁሉ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ነፍሰ ጡሯን ደግሞ ቢሻላትም ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

«እናቴ ስታደርገው ምንም አልሆንም ነበር» እንዳትሉኝ፤ እኔም ብዬ ነበር። የእናቴ ቤት በክዳኑና በግድግዳው መሀል ነፋስ እንደልቡ የሚመላለስበት ቤት ነበር። የዛሬው ብሎኬት፣ መስታወትና ኮርኒስ ነው። ያኔም ቢሆን ከሰል አፍኗቸው ያደሩ ሰዎች ወሬ ከጆሯችን ጠፍቶ አያውቅም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም።

አሁን ልጄ የምትሞቀው እንዲህ ነው። ፀሐይ ሳይጠልቅ መስኮቱ ይዘጋል። ከመተኛቷ በፊት ትኩስ አጥሚት ትጠጣለች፤ ሹራብና ካልሲ ታደርጋለች። ከላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ትደርባለች፤ አንድ ከባድ ነገር ከመጫን መደራረቡ ይሻላል፣ ሲሞቃት አንዱን ትጥላለችና። የጎማ የሙቅ ውሃ መያዣ ገዛን። የፈላ ሳይሆን ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በፎጣ ጠቅልለን በእግሯ በኩል አስቀድመን እናስገባለን፤ ስትተኛ ይወጣል። ሆዷ ላይ አይደረግም። የምትተኛውም በጎኗ ነው፤ በዚህ ወር በጀርባ መተኛት አይመከርም። ማሞቂያ ያላችሁም ከመኝታ በፊት ክፍሉን አሙቃችሁ አጥፉት፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ይራቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላው ሰው ሳይበርደው እሷን ብቻ ሁልጊዜ የሚበርዳት ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላልና በክትትሉ ቀን ትናገር፤ የሚሰጣትን የብረት እንክብል አታቋርጥ። ብርድ ብርድ ብሏት የሚያንቀጠቅጣትና የሚያተኩሳት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የወባ ወይም የሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ብርድ ልብስ ደራርቦ ማሳደር ሳይሆን ወዲያው ማስመርመር ነው።

ልጄ ደህና ናት፤ የፅንሱም የልብ ምት ደህና ነው ተብለናል። ማንደጃው በረንዳ ላይ ነው፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል። ከጥምቀት በኋላ ስትወልድ አራስ ቤቱን ላሙቅ የሚል ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ገንፎው ወጥ ቤት ይበስላል፣ የሕፃኑ መታጠቢያ ውሃ ወጥ ቤት ይሞቃል፤ ፍም ይዞ የሚመጣውን ሰው ግን በሩ ላይ ቆሜ የምመልሰው እኔ ነኝ።