50 ቅጂ ይበቃል

ከእንጦጦ ጋራ ሥር፣ በየካ፣ ወጣቶች ቤት የማይመታ ግጥም ሲያነቡ ሰማሁ። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ግጥሙ ግን ከስልካቸው አልወጣም። «ሙከራ ነው፤ ለኅትመት አይበቃም» አለኝ አንዱ። አልተስማማሁም! ሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም. ባያሳትም ኖሮ፣ «ይህም ግጥም ነው?» የሚለው ሙግት በምን ላይ ይነሣ ነበር? ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በ1973 ዓ.ም. በስደት አረፈ፤ የግጥም መድበሉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። 25 ዓመት! እርሱንስ ወዳጆቹ አልዘነጉትም፤ የኮተቤውን ልጅ ግን ማን ያስታውስለታል? ታላቅ አሳታሚ መጠበቅ ለምን? ጥቂት ወረቀት አጥፎ፣ በስቴፕለር መትቶ፣ 50 ቅጂ በእጅ ማደል ይቻላል፤ ከነስሕተቱም ቢሆን። በሚቀጥለው ንባብ የፎቶ ኮፒውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።