የደጋ ገብስ ለብቸኛ ምድጃ

ከእናቱ ጓዳ የወጣ ወጣት የምግብን ዋጋ የሚያውቀው በመጀመሪያው ወር አይደለም፤ በሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ወር ከቤት የተሰነቀው በሶና ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ስላለ ሆዱም ልቡም አይጎድልም። በሁለተኛው ወር ግን ስንቁ ያልቃል፤ ደመወዝም ሆነ ከቤት የሚላክ ገንዘብ እስኪደርስ ኪስ ይሳሳል። ያን ጊዜ አንዱ ሻይና ዳቦን ምሳው ያደርጋል፤ ሌላው በዱቤ መዝገብ ስሙን አስጽፎ ከምግብ ቤት ይበላና ወሩ ሲያልቅ የደመወዙን ብዙውን እጅ እዚያው ትቶ ይወጣል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ወይም ሥራ ከጀመራችሁ ብዙ ያልቆያችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆናችሁ፣ ዛሬ የምናወጋው ስለ ድግስ ማዕድ አይደለም። አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃና አንድ ድስት ላለው ሰው የሚሆን፣ የሚያጠግብና አገር ቤትን የሚያስታውስ ምግብ ነው። ለዚህም መምህር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም፤ ወደ ወሎ፣ ወደ መካነ ሰላም ደጋ እንውጣ።

መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአንድ ወገን ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሌላው ወገን የደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ደጋና ውርጭ አለ። በቆላው ማሽላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በደጋው ደግሞ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ይዘራል። በእንዲህ ያለ ብርድ አገር ምግብ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ሰውነትን እንዲያሞቅና እስከ ማታ እንዲያቆይ። ገብስ ሁለቱንም ይመልሳል። ያገራችን ሰው «ገብስ የእህል ንጉሥ» ያለው በከንቱ አይደለም።

ይህን ንጉሥ የውጭ አገር ሰዎችም ያውቁታል። ስመ ጥሩው የሩሲያ የእህል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ የገብሳችን ዓይነት ብዛት እጅግ አስደንቆታል። ከዚያም በኋላ የሌሎች አገሮች ገበሬዎች ገብሳቸው በበሽታ ሲጠቃ፣ በሽታ የሚቋቋም ዘር ከኢትዮጵያ ገብስ አግኝተው አዳቅለዋል። እኛ የድሃ ቁርስ እያልን የምንንቀው እህል ለሌላው መድኃኒት ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር በሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ እየለዘበ መፈጨቱን ያዘገየዋል፤ በገብስ የጠገበ ሰው ቶሎ የማይርበውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መለኪያችን የሻይ ብርጭቆ ነው፤ የሚዘጋጀውም ለአንድ ብርቱ ወጣት ወይም ለሁለት ቁጥብ ሰዎች የሚበቃ ነው።

አንደኛ፣ ጭብጦ። ይህ እሳት የማይፈልግ ምግብ ነው። በሶ ማለት ተፈትጎ የተቆላና የተፈጨ ገብስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለት ብርጭቆ በሶ በሳሕን አድርጉ፤ ጨውና ጥቂት በርበሬ ወይም ድልህ ጨምሩበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ በጾም ቀን ደግሞ ዘይት አፍስሱና በጣታችሁ እሹት። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን እስኪይዝ ለውሱት። ውሃው ከበዛ ጭብጦ መሆኑ ቀርቶ ሊጥ ይሆናልና አትቸኩሉ። ፈተና ለደረሰበትና ምድጃ አጠገብ የሚቆምበት ጊዜ ላጣ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለውም። ሲቸግርም በሶውን በውሃና በማር መበጥበጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንፎ። ሦስት ብርጭቆ ውሃ በጨው አፍሉና አንዱን ብርጭቆ ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። በድስቱ በቀረው ላይ ሁለት ብርጭቆ የገብስ ዱቄት ጨምራችሁ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ በእንጨት ማማሰያ በኃይል አገንፉ። ሲጠጥር የቀነሳችሁትን ውሃ በየጥቂቱ እየመለሳችሁ፣ ጓጉሉ ጠፍቶ እስኪለሰልስ እሹት። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ በለዘበ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል፤ ዱቄት ዱቄት የሚለው ጣዕም የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። በውሃ በረጠበ ሳሕን ገልብጡት፤ መካከሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ቅቤና በርበሬ አፍስሱበት። የአራስ ምግብ ነው ብሎ የሚስቅባችሁ ጎረቤት ካለ አንድ ማንኪያ አቅምሱት፤ ሳቁ ወዲያው ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ቂንጬ። አንድ ብርጭቆ የተከካ ገብስ ወይም ስንዴ አጥባችሁ፣ በሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃና በጨው ቀቅሉት። ውሃውን ጠጥቶ ሲለሰልስ በቅቤ ወይም በዘይት ለውሱት። ስለ ጊዜው ግን አንድ ነገር እወቁ። በመካነ ሰላም ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ስለዚህ በድሬዳዋ በግማሽ ሰዓት የሚበስለው በደጋ ይቆያል፤ ይህም የእናንተ ሙያ ጉድለት ሳይሆን የአየሩ ነው። እህሉን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ጊዜም ማገዶም ይቆጥባል።

አራተኛ፣ ሽሮ። ገብስ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይደለም። ሰውነት ከሚገነባባቸው ነገሮች ላይሲን የሚባለው በእህል ውስጥ ያንሳል፤ በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ግን ይገኛል። እናቶቻችን ይህን ስም ሳያውቁ እህልን ከጥራጥሬ ጋር ሲያጋቡ ኖረዋል። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። አራት ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና ሲፈላ፣ አንድ ብርጭቆ ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ። ከዚያ በለዘበ እሳት ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ጎመን ካላችሁ ከትፋችሁ ለብቻው አብስሉና ከጎኑ አድርጉት።

በዚህ በሽሮ ነገር ግን ቆም ብለን እንነጋገር። ከቤት የተላከው ሽሮ የምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከገበያ የሚገዛውን ግን መጠየቅ ይገባል። ዋጋው በጣም የረከሰ እንደሆነ ጓያ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ድርቅን ችሎ የሚበቅል፣ በክፉ ቀን የብዙ ሰው ነፍስ ያቆየ ጥራጥሬ ነው። ነገር ግን ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለወራት በብዛት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውን እግር የሚመልስ መድኃኒትም እስከ ዛሬ የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያው በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። ጉዳዩን ያጠኑት ሐኪሞች እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ይበልጥ እንደሚጎዱ፣ ከተጠቂዎቹም ወጣት ወንዶች እንደሚበዙ ተረድተዋል። አንድ ቀን ጓያ የበላ ሰው ሽባ ይሆናል ማለታችን አይደለም። ርካሽ ነው ብሎ ዓመቱን ሙሉ በእርሱ ብቻ መኖር ግን ከብር ይልቅ እግርን መክፈል ይሆናል። ቢቻል ባቄላውንና አተሩን በጥሬው ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል፤ ሦስት አራት ጓደኞች ቢያዋጡ ወጪው ይቀላል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። በከሰል የምታበስሉ እንደሆነ በርና መስኮት ክፈቱ፤ የበሰለበትንም ፍም ለሙቀት ብላችሁ በተዘጋ ክፍል አታሳድሩ። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውንም ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

«ወንድ ልጅ ድስት ከጣደ ምን ቀረው» የሚሉ ዛሬም አይታጡም። የዱቤ መዝገብ ከሚያሳፍር ይልቅ ማማሰያ መያዝ እንዴት ያሳፍራል? የቆሎ ተማሪ ስሙን ያገኘው ከገብሱ ቆሎ ነው፤ በቆሎና በበሶ የተማረውም ሊቅ ሆኗል እንጂ አልተዋረደም። ለሴት ልጅም ቢሆን ሙያ ከደሟ ጋር አይወለድም፤ እርሷም እንደ ወንድሟ አይታና ቀምሳ ነው የምትማረው።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን። እናታችሁን ወይም አያታችሁን በስልክ ስትጠይቋቸው «እስኪበቃው ጨምርበት»፣ «ሽታው ይነግርሻል» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፤ የእርሳቸው ሚዛን እጃቸው ነውና። ነገር ግን ያ እጅ ለዘላለም አይኖርም፤ ያልተጻፈ ሙያም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ደብተርና አንድ ብርጭቆ ይዛችሁ ማድ ቤት ተቀመጡ። እርሳቸው በእፍኝ ሲዘግኑ እናንተ በብርጭቆ ስፈሩና ጻፉት። ከዚያ ለክፍል ጓደኛችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ አካፍሉ፤ የመካነ ሰላሙ የገብሱን፣ የቆላው ልጅ የማሽላውን ያምጣ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ይባላልና፣ ድስቱ አንድ ቢሆንም ማንኪያው ሁለት ይሁን።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ስልጆ አሠራር እንነጋገራለን። እስከዚያው መልካም ማዕድ!